የቀይዋ መኪና ጣሪያ

ለታናሽ ወንድሜ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃልና እኔም እጠይቅሃለሁ። ጨጓራህ እንዴት ነው? ሱቁ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? አንተ ስለ እኔ ጤና ባትጠይቅም ልንገርህ፤ እሰግዳለሁ፣ እበላለሁ፣ የሰው መጋረጃ እሰፋለሁ። አልሐምዱሊላህ።

ሹፌሩ ዋይስ ደብዳቤህን ባለፈው ሐሙስ አመጣልኝ። መልሱ ዘገየ ብለህ እንዳትቆጣ። የእኔን ጽሕፈት ታውቀዋለህ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ሥራ ውዬ በደከመ እጄ የለቀምኩት ፊደል ነው። አንድ መስመር ጽፌ፣ አንድ መጋረጃ ሰፍቼ፣ ተመልሼ ሌላ መስመር እጽፋለሁ። ይህን ወረቀት ከያዝኩ አራተኛ ቀኔ ነው። አንተ ግን በደንብ ተምረሃል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ጽሕፈትህ ያምራል። እንዲህ ባማረ ጽሕፈት እንዲህ ያለ ነገር መጻፍህ ነው የገረመኝ።

ደብዳቤህ ሃያ አንድ መስመር ነው። ቆጠርኩት። ሁለቱ ስለ ልጄ ናቸው። አራቱ ስለ ማህዲና ስለ ደም ካሳ። የቀሩት አሥራ አምስቱ ስለ መኪናህ ጣሪያ ናቸው። «አላህ ይዘንለት፣ ወጣት ነበር» ብለሃል። ወጣት እንደነበር አውቃለሁ፤ ወልጄዋለሁ። ከዚያ ትንፋሽ ሳትወስድ «የጣሪያው ነገር ከምን ደረሰ?» ትላለህ። አንድ መስመር እንኳ ባዶ ብትተው ምን ነበረበት? ወረቀቱ ተወደደብህ?

ይሁን። ከምትወደው ነገር ልጀምርልህ። ጣሪያው አልቋል። አሁን ደስ ብሎህ የቀረውን በእርጋታ አንብብ።

መኪናዋ ከበርበራ ስትመጣ አንተ አልነበርክም፤ እንዴት እንደገባች ልንገርህ። ዋይስ ከወደቡ በከባድ መኪናው ጭኖ እዚህ ሀርጌሳ፣ ሰፈራችን ኮድቡር ድረስ አመጣት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቀይ መኪና። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። ያን ሰሞን ከፊታችን ያለው ቤት ጣሪያ እየተመታበት ነበር፤ ከጦርነቱ ጀምሮ ቆርቆሮው ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ሆኖ የቆየ ቤት ነው። ቆርቆሮ የሚመቱት ሰዎች መዶሻቸውን ይዘው ከላይ ሆነው ሳቁ። አንዱ «ባለቤቷ ተኝቶ ነው የሚነዳት?» አለ። እዚህ አገር ቅጽል ስም ሳይወጣለት የሚያድር ፍጡር የለም፤ ሳይመሽ «ቀይዋ ኤሊ» አሏት። ሰው በሸራ ሥር በሚኖርበት ከተማ ውስጥ አንተ ለመኪና ጣሪያ ስትጨነቅ የሚያዩህ ሰዎች ስለ አንተ ምን እንደሚሉ ልጽፍልህ አልፈልግም። አብሬያቸው ስቄ ነበርና።

ጂዳ ሳለህ ሹፌር የሆንክለት ጌታ ሲጥላት አንተ አነሳሃት። አምራህ ነበር። ጣሪያዋ ላይ ቆዳ የሚመስል ጥቁር ልባስ ተለጥፎባት ከሩቅ ስትታይ ሙሽራ ትመስላለች። ልጄ ሙሰዓብ አንድ ጊዜ ዞራት፤ ከዚያ ጣሪያዋን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገ። ሐብሐብ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው። ቀጥሎ የልባሱን ጥግ በጥፍሩ ያዘና ወደ ላይ ሳበው። ከሥሩ ምን እንደፈሰሰ ታውቃለህ? ዝገት። ደቃቅ፣ ጠቆር ያለ፣ የተፈጨ ቡና የሚመስል ዝገት በትከሻው ላይ ፈሰሰ። ልባሱ ለስንት ዓመት የባሕር እርጥበት ሲጠጣ፣ ሲጠጣ፣ ላሜራውን ከሥሩ በልቶት ነበር። ልጄ ጠመንጃ መፍቻውን ሲያስነካው ወንፊት ሆኖ ብርሃን አሳለፈ። «እማ፣ አጎቴ መኪና አልገዛም፤ ኮፍያ ነው የገዛው» ብሎኝ ሳቀ። ያን ሳቁን ታስታውሰዋለህ? ትከሻው ነው የሚስቀው።

ጠመንጃ መፍቻ ያልኩህ ብሎን የሚፈታበትን ነው። ጋራዥ ከሚውል ልጅ ጋር ስኖር የጋራዥ ቋንቋ ገብቶብኛል።

ሁኔታውን ጻፈልህ። መልስህን አስቀምጬዋለሁ፤ አሁን ከፊቴ ነው። «ዝገቱ ላይ ስቱኮ ይለጥፍበት፤ በላዩ ልባሱን ይመልሰው። ማን ያየዋል?» ይላል። ስቱኮ ማለት ያ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆነው ነገር ነው። ለሠርግህ ቀን እንድታበራ ብቻ ነበር የፈለግከው። በአማቶችህ ፊት ከመኪናዋ እስክትወርድ ድረስ። ከዚያ በኋላ ብትበሰብስም ግድ አልነበረህም። ማን ያየዋል! ይቺ ቃል በልጅነትህም ከአፍህ አትጠፋም ነበር። እጅህን ሳትታጠብ ስትበላ ማን ያየዋል፣ የጎረቤትን ዘይቱን ስትቀጥፍ ማን ያየዋል።

ልጄ ግን እንደ አንተ አልነበረም። «አላደርገውም» አለ። «እማ፣ ስቱኮ ከለጠፍኩበት ከሥሩ መብላቱን አያቆምም፤ አንድ ዝናብ ሲመጣ አጎቴ ጭንቅላት ላይ ነው የሚወርደው» አለኝ። እኔም እውነቱን ነው አልኩ። ስለዚህ የበሰበሰውን ቆርጦ ሊያወጣ፣ በቦታው ጤነኛ ላሜራ ሊበይድ ጀመረ። ከጋራዡ ግቢ ከተጣለች ሌላ መኪና ጣሪያ ላይ ላሜራ ቆርጦ አመጣ፤ አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አድርጎ እየቀጠቀጠ ጎበጥ አደረገው። ሥራውን ያየሁት እዚሁ ግቢያችን ስለሆነ ነው። በሥራ ሰዓት የሌላ ሰው መኪና ይሠራል፤ የአንተን ለትርፍ ጊዜው ወደ ቤት አምጥቷት ነበር። አብሮት ማህዲ አለ።

ስለ ማህዲ በስልክ ነግሬሃለሁ። አሁን ደግሞ እንደ ገና ልንገርህ፤ ያኔ የነገርኩህ ሌላ ነው። ማህዲ የዚህ አገር ልጅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሕፃን ሆኖ ወደ እኛ አገር ተሰዶ፣ ጅግጅጋ ነው ያደገው፤ አማርኛው ከአንተ ሚዜዎች አማርኛ ይሻላል። አባቱን ቀብሯል። 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ያለው ጋራዥ ውስጥ ከሙሰዓብ ጋር አንድ መዶሻ የሚቀባበሉ ነበሩ። ምሳ ከእኔ ዘንድ ነው የሚበላው። እዚህ አገር አክስትን እንደሚጠሩት «ኤዶ» ይለኛል። አንተ «ያ ልጅ» እያልክ የጻፍክበት ሰው ይኼ ነው።

ሥራው ጊዜ ፈጀ። ቀጭን ላሜራ በአንዴ አይበየድም። እሳቱ ያጎብጠዋል። እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ጫፍ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መጠበቅ። ልጄ ሲጠብቅ ያፏጫል። አንተ ግን መጠበቅ አልቻልክም። በረጀብ ማለቂያ ሌላ ደብዳቤ መጣ። አብሮትም ጣሳ ሙሉ የተፈጨ ቡና ልከሃል። ሰው አስቸኩለህ ስታበቃ አፉን በስጦታ መያዝ ታውቅበታለህ። ደብዳቤው «ከሻዕባን አጋማሽ በፊት ካላለቀች በአማቶቼ ፊት እዋረዳለሁ፤ እህቴ ሆይ ልጅሽን አስቸኩይልኝ» ይላል። ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ማንበቤ ይቆጨኛል። አስቸኮልኩት። ይሄንንም ጻፍኩልህ፣ ይኸው።

እሮብ ቀን ነበር። የመጨረሻውን የዛገ ቁራጭ ከመስተዋቱ በላይ ሲገነጥል ጫፉ ተስፈንጥሮ መዳፉን ገመሰው። ትንሽ ቁርጥ ነው። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ መዳፉ መሐል። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ እየሳቀ ገባ፤ «የአጎቴ መኪና ነከሰችኝ» አለ። ማህዲ ከኋላው «ኤዶ፣ ይሄ የዝገት ቁስል ነው፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ሄዶ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ይወጋ፤ መኪና አስቆማለሁ» አለ። ሦስት ጊዜ ነው ያለው። እኔ ቆጥሬያለሁ፤ መቁጠር ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም።

ደሙን አቆምኩለት። ደም ማቆም እንደምችል አንተ ምስክሬ ነህ። እናታችን በሞተች ዓመት፣ ስምንት ዓመትህ ላይ፣ የጠርሙስ ስባሪ ረግጠህ እግርህን ስትቆርጥ ሐኪም ቤት አልወሰድኩህም። ከጎረቤት አንድ እፍኝ የተወቀጠ ቡና ለምኜ ቁስሉ ላይ ነሰነስኩበት፤ ቆመ። ሳምንት ሳይሞላህ ኳስ ትጫወት ነበር። ጥቁሩ ጠባሳ አሁንም ተረከዝህ አጠገብ አለ። ካልሲህን አውልቀህ እየው።

የሙሰዓብም ደም ቆመ። በንጹሕ ጨርቅ ታሰረ። ሆስፒታል ወረፋው ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ጁምዓ ደግሞ ደርሷል፣ የሻዕባን አጋማሽ ቀርቧል። መርፌውን ሰኞ ይወጋል ተባለ። ሰኞም መጣና ሄደ። ማን እንዳለ አትጠይቀኝ። በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጄ በአንድ እጁ መኪናህን ሲፈገፍግ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ ማኘክ አቃተው። «እማ፣ መንጋጋዬን ደከመኝ» አለኝ። ደከመኝ! በጥፊ እንደተመታሁ ሁሉ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ማህዲ ተሸክሞ ነው ሆስፒታል ያስገባው። የእኔ ሶማሊኛ ለገበያ እንጂ ለሆስፒታል አይበቃም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሲጠይቅ ማህዲ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል፣ እኔ ስናገር ወደ ሶማሊኛ ይመልስለታል። ሐኪሙ ጨርቁን ፈታና ቁስሉ ውስጥ የደረቀውን ጥቁር ነገር አየ። «ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው ያደረገበት?» አለ። ማህዲ ጥያቄውን ሳያጎድል መለሰልኝ። እኔ ሐኪሙን አይደለም፣ ማህዲን እያየሁ «የጋራዥ ቅባት ነው፤ እዚያው ሥራ ቦታ ነው ያደረጉበት» አልኩ።

ማህዲ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ከዚያ ቃል በቃል ወደ ሶማሊኛ መለሰው።

ልጄ አራት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ዙሁር ሳይሰገድ አረፈ። ሰውነቱ እንደ ቀስት ሲወጠር አይቻለሁ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ የምነግርህ ከመኪናህ ጣሪያ አጠገብ እንድታስቀምጠው ነው። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ ማህዲ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ያስተኛውም እሱ ነው። አንተ ልትሆን ይገባህ ነበር፤ አጎት ነህ። ከድሬዳዋ እዚህ ድረስ ለሠርግ የሚመጣ ሰው ለቀብር መንገዱ ጠፋበት።

የእጮኛህ የፈርዶውሳ እናት ሳዶ፣ ገና ዘመዴ ያልሆነችው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀመጠች። ወተት በሳፋ አምጥታ ለለቀስተኛው አደለች። «ወንድምሽ መንገድ ላይ ነው?» ስትለኝ «አዎ፣ መንገድ ላይ ነው» አልኳት። ለአንተም ዋሸሁልህ። ያን ሰሞን አንደበቴ ውሸት ለምዶ ነበር።

ያን ሰሞን ነው ስልክ ቤት ሄጄ የደወልኩልህ። «ምን አገኘው?» ስትለኝ «ማህዲ የሚባል ልጅ ቁስሉ ላይ የጋራዥ ቅባት አደረገበት» አልኩህ። ሆስፒታል ውስጥ ስም አልጠራሁም ነበር፤ በስልክ ስም ጠራሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። አንተ ደግሞ ከአፌ ያወጣሁትን ተቀብለህ ሸክም ሠራህበት።

አሁን ወደ አራቱ መስመሮችህ ልምጣ። «በዚያ አገር ሕግ የአጥፊው ልጅ ወገን ካሳ ይከፍላል፤ ሽማግሌው ሮብሌን ጠይቄያለሁ፣ ሠርጉም ለለቅሶው ስለተገፋ ከእሱ በፊት እንጨርሰዋለን» ብለሃል። ጎበዝ። የዚህን አገር ቋንቋ አታውቅም፣ የዚህን አገር ለቅሶ አታውቅም፣ ማግ የሚሉትን የደም ካሳቸውን ግን አወቅህ። የልጄ ደም የሚከፈለው ለማን ነው? ለአንተ? በእሱስ ምን ልታደርግ ነው? የመኪናዋን ወንበር ልታለብስበት?

ሮብሌ የእጮኛህ አጎት ናቸው፤ የተከበሩ ሰው ናቸው። በአንተ ቃል ተነስተው ባለፈው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ማህዲ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ነበር። ልጄ ከሞተ ጀምሮ፣ ማንም ሳይለምነው፣ ከጋራዥ ሲወጣ እየመጣ የሙሰዓብን ሥራ ይጨርሳል። የመጨረሻውን ቁራጭ እሱ በየደው። ብየዳውን ፈግፍጎ፣ ዝገት የሚከለክለውን ቀለም ቀብቶ፣ ስቱኮውን ከጥፍር በማይበልጥ ውፍረት ብቻ አልፎበት፣ በዚያን ቀን በውሃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰው ነበር። ሮብሌ በትራቸውን ተደግፈው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው፣ እንዲገባኝ ብለው፣ በሶማሊኛ «እናት፣ በአፍሽ ንገሪን። ይሄ ልጅ የልጅሽ ቁስል ላይ ምን አደረገበት?» አሉኝ።

 በልቤ አንተን ረገምኩ። መኪናዋን ረገምኩ። ጂዳ ያለውን ጌታህን ረገምኩ። 

ሽማግሌው ወደ ማህዲ ዞረው «አንተስ? እናቱ የተናገሩት እውነት ነው?» አሉት። ማህዲ ብርጭቆ ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ነከረ። ሳያየኝ፣ «እሷ እንዲያ ካለች፣ እንዳለችው ነው» አለ።

ወንድሜ፣ አስበው። ወገኑ ሁሉ ሊከፍል፣ ስሙ በየሻይ ቤቱ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ሊዞር፣ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ «እንዳለችው ነው» አለ። የአንተን ሃያ አንድ መስመርና የእሱን አንድ መስመር ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አፈርኩብህ። አፈርኩብህ ብቻ ብል ግን አሁንም መዋሸቴ ነው።

ሽማግሌዎቹ «እናስብበታለን» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ሻሼን አሰርኩና ብቻዬን ሮብሌ ቤት ሄድኩ። ባለችኝ የገበያ ሶማሊኛ «ማህዲ ምንም አላደረገም። ማህዲ ሦስት ጊዜ መርፌ ይወጋ ብቻ ነው ያለው። ለወንድሜ የነገርኩት ልክ አይደለም» አልኳቸው። «ታዲያ ማን ነው?» አሉኝ። «አላህ ያውቃል» አልኩ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩኝ። እንደዚያ የሚያይ ሰው አይተህ አታውቅም፤ አንተ ዘንድ የሚመጣው ዕቃ የሚያይ ሰው ነው። በመጨረሻ «ሻይ ጠጪ» አሉኝ። የእጃቸውን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ነገሩ እዚያ ቆሟል። አንተም እዚያው አቁመው። ለዘመድ ሁሉ ያወራኸውን ለዘመድ ሁሉ መልሰው። «እህቴ ተሳስታ ነበር» በል። ሰው ላይ ስቱኮ አይለጠፍም።

ከሮብሌ ቤት ስመለስ ማህዲ መኪናዋ ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል። የነገርኳቸውን ከእኔ ቀድሞ ሰምቶት ነበር፤ ይህች ከተማ ወሬ የሚያድርባት አይደለችም።  «ኤዶ፣ ጥቁሩን ልባስ ልመልሰው?» ብቻ አለኝ። «አይመለስም» አልኩት። ጣሪያው ቀይ ቀለም ተቀባ።

ሙሰዓብ መኪናዋ ስታልቅ በኤርፖርቱ መንገድ ሊያንሸራሽረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ አስፋልቱ እዚያ ቀጥ ያለ ነው ብሎ። ትናንት ማህዲ «የእሱን ቃል ልፈጽም» ብሎ አስገባኝ። እንዴት እንደሚገባባት ታውቃለህ? ጉድጓድ እንደ መውረድ ነው። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ሰላም ተባባለ። የሰፈሩ ልጆች «ኤሊዋ እናት ጫነች» እያሉ ተከተሉን። አንተ በዚህች ውስጥ ከነሙሽሪት፣ ከነቬሏ እንዴት እንደምትገቡ አላህ ይርዳችሁ።

አየር ማረፊያው ሳንደርስ ዝናብ መጣ። የዚህን አገር ዝናብ አታውቀውም፤ ወራት ይጠፋና አንድ ቀን ጠጠር ያዘለ ይመስል ይወርዳል። ማህዲ ዳር ይዞ አቆመ። ሁለታችንም ወደ ላይ አየን። ከውስጥ በኩል ያለውን የጣሪያ ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከመጋረጃ የተረፈ ጨርቅ ነው፣ ስፌቱን ልጄ እያየ «እማ፣ ጋራዥ ትቀጠሪያለሽ» ብሎኝ ነበር። መዳፌን ከፍ አድርጌ ጨርቁ ላይ አሳረፍኩ። ልጄ በበየደበት ቦታ። ዝናቡ ከላይ ሲደበድበው መዳፌ ላይ ይሰማኛል። ዝናቡ እስኪያባራ እጄን አላወረድኩም። ጨርቁ ደረቅ ነው። ወንድሜ፣ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ልጄ ሥራ ያውቃል። በአንድ እጁ የሠራው ነው፣ ግን ሥራ ያውቃል።

ማህዲ መሪውን ይዞ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ለማልቀስ መብት ያለው ሰው ሲያለቅስ ዝም ብዬ አየሁት።

እንግዲህ የጠየቅኸኝ ይኸው ነው፤ ጣሪያው ከዚህ ደርሷል። ና ውሰዳት። ብቻህን ና፤ ሽማግሌ ይዘህ አትምጣ። ጥቁሩ ልባስ ተጠቅልሎ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ አለ፤ ያቺ ኮፍያ ከራስህ ላይ ባትወርድ ደስ የሚልህ ከሆነ ድሬዳዋ ወስደህ አስለጥፈው፤ መኪናዋ የአንተ ናት። ነገር ግን ከመውሰድህ በፊት እኔ ቆሜ እያየሁህ መዳፍህን ከመስተዋቱ በላይ ታሳርፋለህ። ቀለሙ ሥር ብየዳው እንደ ጠባሳ ይዳሰሳል። ቁራጩ ከትሪ አይሰፋም። ያንን ከዳሰስክ በኋላ ወደ መቃብሩ የሚወስድህ ማህዲ ነው፤ በአንተ መኪና። እጁን ጨብጠህ ሰላም ትለዋለህ። ይህን ካላደረግክ ሠርግህ ላይ አልገኝም፤ ለሳዶም ምክንያቱን እነግራታለሁ። ሴትዮዋ የማይነገራት ነገር የለም።

ልጅቷን አልጠላኋትም። ፈርዶውሳ ደግ ልጅ ናት። ቁስል ቢያገኝህ ቤት እንዳታስቀምጥህ ነግሬያታለሁ። «ምነው ኤዶ?» ስትለኝ «እንዲሁ ነው» አልኳት።

አላህ ሠርግህን የሰላም ያድርገው። አላህ ዘር ይስጥህ፤ የሰጠህንም ያቆይልህ። በጀርባዬ ስላዘልኩህ፣ ከአፌ ነጥቄ ስላበላሁህ አልቆጭም። ብትመጣ ቤቴ ቤትህ ነው፤ ሻይ አፈላልሃለሁ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ያው ዋይስ ነው። አብሮ የሚሰጥህን ጣሳ ተቀበለው። በረጀብ የላክህልኝ ቡና ነው፤ ሌላ ጊዜም እንዳትልክልኝ። ደህና አድርጌ ከድኜዋለሁ። የጎደለው አንድ እፍኝ ብቻ ነው።

ያሳደገችህ እህትህ፣
የሙሰዓብ እናት
ሀርጌሳ፣ ኮድቡር